ጣይቱ፣ የዘመድ ሰው

ደብረ ታቦርን ያቀኑት ታላቁ ራስ ጉግሣ መርሳ ናቸው። በዘመነ መሳፍንት የጎንደር ነገሥታት ከስማቸው በቀር የሚያዙበት ነገር ሲያጡ፣ ጦሩም ግብሩም ችሎቱም ወደዚህ ብርዳም ደጋ ዞረ። ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ እብናትና በለሳ፣ ወደ ምሥራቅ ጋይንት፣ ወደ ደቡብ እስቴ፣ ወደ ምዕራብ የፎገራ ሜዳ፤ በጌምድር የሚባለው አገር ሁሉ ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጠውን ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ራስ ጉግሣ ከየጁ የመጡ በመሆናቸው ለአገሩ ባላባት ባዕድ ነበሩ። ይህንንም ራሳቸው አሳምረው ያውቁታል። ስለዚህ ሴቶች ልጆቻቸውን ለየአገሩ ጌታ ዳሩ፤ በጦር ያልገበረላቸውም በአማችነት ገበረ። ከልጆቻቸው አንዷ ሂሩት የስሜኑን ጌታ ኃይለ ማርያም ገብሬን አግብተው ብጡልን ወለዱ። በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ እንግዲህ የእኚህ ብጡል ልጅ ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነው።

ቤተሰቡ ከየጁና ከስሜን ሌላ የሚመዘው ሐረግ ነበረው። በሴት በኩል ከዐፄ ሱስንዮስ እንወለዳለን ይላሉ፤ በጥር 1600 ዓ.ም. እብናት ላይ ተዋግተው ካሸነፉት ከሱስንዮስ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ዘመድ መቁጠር የሚለምደው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ነው። ማን የማን አጎት እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደተዳረ፣ ማን ከማን ደም እንደተቃባ አለማወቅ በዚያ ዘመን ነገር ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ነፍስ ሊያስከፍልም ይችላል።

አስከፈለም። የጣይቱ አባት ልጆቹ ገና ሳይጠነክሩ ሞቱ። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን አጣምረው የገዙ፣ ለራሳቸውም ንግሥና የሚያስቡ ሰው ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የቋራው ካሣ ድል ነሷቸው። ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባሰቡት ዘውድ፣ ካሣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አጎት እስር ቤት ገቡ። የአጎት ልጅ ጥሩወርቅ ውቤ ደግሞ አባታቸውን ያሰረውን ንጉሥ አገቡ፤ ዓለማየሁንም ወለዱ። መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ስትወድቅ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞቱ፣ ልጃቸውን ባሕር አሻግረው ወሰዱት፣ አልተመለሰም። ጣይቱ ይህን ሁሉ በቅርብ ሰሙ። ሹመት ቢሄድ ይመጣል፤ ዘመድ ከተበተነ ግን ሰብሳቢ ይፈልጋል። በኋላ ዘመናቸው የሠሩትን ሥራ ሳይ ይህ የልጅነት ትምህርት ከአእምሯቸው የወጣ አይመስለኝም።

እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ባል ከሞተባቸው በኋላ በጎጃም የደብረ መዊዕን ገዳም የሚያስተዳድር ሰው አገቡ። ጣይቱም በገዳሙ ጥላ አደጉ። ግእዝ ማንበብ፣ በገና መደርደር፣ ሰንጠረዥ መጫወት ይችሉ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ሴት የማይጠበቅ ትምህርት ነው። ጸሎት ማድረስና ጾም መጠበቅ ከዚያ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖረ። ቤተ መንግሥት ገብተው እንኳ የነገሩን መልክ የሚመዝኑት በመጀመሪያ በቤተ ክርስቲያን ሚዛን ነበር።

ወንድሞቻቸው ወሌና አሉላ በቴዎድሮስ እጅ መቅደላ ቆይተዋል። እዚያው ተራራ ላይ በልጅነቱ ከሸዋ የተወሰደ አንድ የንጉሥ ልጅ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ሲይዙ የእስር ቤት ጓደኝነቱ አልተረሳም። የብጡል ልጆች ወደ ሸዋ የተሳቡት በዚህ ክር ነው። ጣይቱ ከምኒልክ በፊት አግብተው ፈትተዋል። ከባሎቻቸው አንዱ ቀኛዝማች ዘካርጋቸው የወይዘሮ ባፈና ወንድም ነበሩ፤ ባፈና ደግሞ ለብዙ ዓመት የምኒልክ ሚስት ሆነው ኖረው በሴራ የተጠረጠሩትና በመጨረሻ የተሸኙት ናቸው። የዚያ ዘመን ቤተ መንግሥት ጠባብ ነው፤ ሰዉ ሁሉ በሆነ በኩል አማች ወይ ምራት ነው።

በ1875 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት ጣይቱና ምኒልክ አንኮበር መድኃኔ ዓለም ቆርበው ተጋቡ። ቁርባን ማለት ፍቺ የለም ማለት ነው። ሁለቱም ከዚያ በፊት ሲጋቡና ሲፋቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ይህን ጊዜ ግን እስከ መቃብር ተባባሉ፣ ቃሉም ጸና። ከጋብቻው ልጅ አልተወለደም። ምኒልክ ከሌሎች እናቶች የወለዷቸው ሸዋረጋና ዘውዲቱ ነበሩ። ጣይቱ የራሳቸው ልጅ ስላልነበራቸው የእናትነቱን ነገር ሁሉ በወንድም ልጅ፣ በእህት ልጅና በእንጀራ ልጅ ላይ አዋሉት።

መጀመሪያ የያዙት ጓዳውን ነው። የጓዳ ነገር የሴት ወግ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የመስከረም 1880 ዓ.ም.ን ግብር ማሰብ አለበት። እንጦጦ ማርያም ተሠርታ ቅዳሴ ቤቷ ሲከበር ጣይቱ ለቀናት የዘለቀ ግብር አገቡ። ከ5,000 በላይ በሬ፣ ላም፣ በግና ፍየል መታረዱ፣ ጠጁም በቦይ እየወረደ መቀዳቱ ይነገራል። እስቲ አስቡት፤ ያን ያህል ሥጋ የሚበላበት እንጀራ ስንት ምጣድ ይፈልጋል? ለስንቱ ወጥ ስንት ቁና በርበሬ ይደለዛል? ቅቤውስ በስንት ገንቦ መጥቶ፣ በየትኛዋ ሴት እጅ፣ በኮረሪማና በኮሰረት ይነጠራል? ማን ከማን በፊት ይጎርሳል፣ ለየትኛው መኮንን የትኛው ብልት ይቀርባል፣ የትኛው እንግዳ የጾም ይሻል? ይህን ሁሉ የምታዘው እመቤት ሠራዊት ከሚያሰልፍ የጦር አዝማች አታንስም። የኢትዮጵያን የምግብ ታሪክ ያጠኑ ምሁራን ይህን ግብር ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጣው ምግብ በአንድ ገበታ የቀረበበት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ የምንለው መልክ የያዘበት አጋጣሚ አድርገው ይጠቅሱታል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ ያን ቀን በእንጦጦ ዳስ የተቀመጠው የሸዋ መኳንንት ከሰሜን የመጣችው ሙሽራ ቤት እንደያዘች በዓይኑ አየ።

ቤት ይዘው ዝም አላሉም። በ1879 ዓ.ም. ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው ቦታውን አዲስ አበባ አሉት። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ እሳቸው በሁለተኛው ቀን እቴጌ ተባሉ፤ ብርሃን ዘኢትዮጵያም ተሰኙ። ውጫሌ፣ አንቀጽ 17፣ መቀሌ ላይ ጣሊያንን ከውኃ መቁረጥ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ፤ ይህን ልጅ አዋቂው ያውቀዋልና አልደግመውም። አድዋ ላይ ግን እቴጌይቱ ከራሳቸው ጦር ሌላ ወንድማቸውን ራስ ወሌንም ከየጁ ጦር ጋር ከጎናቸው እንዳገኙ ይታወስ።

ከጦርነቱ በፊትም በኋላም የቀጠለው ዋናው ሥራቸው ሰው ማጋባት ነበር። ቅድመ አያታቸው ራስ ጉግሣ በደብረ ታቦር የሠሩትን እሳቸው በአዲስ አበባ ሠሩት። የራስ ወሌ ልጅ ከፈይ ለትግራዩ ለራስ መንገሻ ዮሐንስ ተዳሩ፤ የሞቱት የዐፄ ዮሐንስ ልጅ የእቴጌ አማች ሆኑ። የሐረርጌው ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ሲሞቱ ሐረር የተሰጠው ለታናሹ ልጃቸው ለተፈሪ አልነበረም፤ የጣይቱን የቅርብ ዘመድ ላገቡት ለታላቁ ልጅ ለይልማ ነበር። ይልማ ግን በሹመቱ ብዙ አልቆዩም፣ ሞት ቀደማቸው። ተፈሪ ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት መገመት አያስቸግርም።

ከሁሉ የከበደው ጋብቻ በ1890ዎቹ መጀመሪያ የተፈጸመው ነው። የራስ ወሌ ልጅ ጉግሣ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። ጉግሣ የታላቁን ቅም አያት ስም ይዘዋል፤ ሹመታቸውም በጌምድር፣ መቀመጫቸውም ደብረ ታቦር ሆነ። መጽሐፍ የሚወዱ፣ ከሊቃውንት የሚውሉ ሰው ነበሩ። ዘውዲቱ ከዚያ በፊት በልጅነታቸው ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ተድረው ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያም ወዲህ ትዳር ያልቀናቸው ሴት ናቸው። እንጀራ እናትና እንጀራ ልጅ ብዙ ጊዜ አይዋደዱም ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በጾም በጸሎት አንድ ነበሩና ተዋደዱ። ከጉግሣና ከዘውዲቱ የተወለደችው ሴት ልጅ በሕፃንነቷ ሞተች። ጣይቱ በአንዲት ሕፃን ውስጥ የብጡልንና የምኒልክን አያት የሣህለ ሥላሴን ደም አንድ አድርጎ የማየት ተስፋ ከነበራቸው፣ እሷ ስትቀበር አብሮ ተቀበረ።

የሸዋ መኳንንት ማጉረምረም የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። እቴጌይቱ አገሩን ለጎንደሬ ለዘመዶቻቸው አከፋፈሉት አሉ። እውነት ነበራቸው። ግን ከእነርሱ ውስጥ ለዘመዱ ያላደላ ማን ነበር? ልዩነቱ ሸዋዎቹ ዘመድ ሲሾሙ አገር ማቅናት ሲባል፣ ጣይቱ ሲሾሙ ማዳላት መባሉ ነው። ይህን ስል ጥፋት የላቸውም ማለቴ አይደለም። ምኒልክ በጤና ሳሉ ባልና ሚስቱ ተባብለው ሥራውን ያመቻቹታል፤ ንጉሡ የማይፈልጉትን ነገር እሺ ብለው ከመለሱ በኋላ እምቢታውን እቴጌይቱ ይናገሩታል። ለባል ይህ የተመቸ ነበር። ለሚስት ግን የእምቢታው ሁሉ ቂም በእሳቸው ስም ተመዘገበ።

ምኒልክ ከ1898 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ታመሙ። ሕመሙ እየተመላለሰ አካላቸውን አሰረ፤ ቆይቶም አንደበታቸውን ያዘ። የውጭ ሐኪሞች መጡ፤ ደብረ ሊባኖስም ለጠበል ተወሰዱ። ጣይቱ ከሐኪሙ መድኃኒት ይልቅ ጠበሉን ያምናሉ እየተባለ ይታማል። ቆይቶ ደግሞ ከጀርመኖቹ በኩል ባላቸውን ይመርዛሉ የሚል ወሬ ተነሣ። ሌት ተቀን ከአልጋው ሥር የማይጠፉትን ሚስት በመርዝ ማማት ለሰሚው ቀላል፣ ለምትታማው ግን መራራ ነው።

ምኒልክ በግንቦት 1901 ዓ.ም. የሸዋረጋን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወቁ። ጣይቱ አሁንም ወደሚያውቁት ሥራ ዞሩ፤ ለአልጋ ወራሹ የተዳረችው ሮማነወርቅ መንገሻ የወንድማቸው የራስ ወሌ የልጅ ልጅ፣ የከፈይ ልጅ ናት። ከጥቂት ወራት በኋላ ምኒልክ ጨርሶ ሲደክሙ መንግሥቱ በእቴጌይቱ እጅ ገባ። እሳቸውም ሾሙ ሻሩ። ጊዜ የላቸውም፤ ባላቸው ሳይሞቱ ዘመዶቻቸውን በየበሩ ማቆም ፈልገዋል። ያን ያህል መቸኮላቸው የጠላቶቻቸውን ሥራ አቀለለው።

በመጋቢት 1902 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስና የሸዋ መኳንንት ተማክረው፣ ጳጳሱን አቡነ ማቴዎስንም አስማምተው፣ እቴጌይቱ ከእንግዲህ በመንግሥት ሥራ እንዳይገቡ፣ ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ላኩባቸው። ሥልጣኑ ለእንደራሴው ለራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሆነ። ዱላው ወዲያው በዘመድ ላይ አረፈ። ራስ ጉግሣ ወሌ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጌምድር ተነጥቀው ታሰሩ። የሮማነወርቅ ጋብቻ ፈርሶ ኢያሱ የጎጃሙን የራስ ኃይሉን ልጅ ሰብለ ወንጌልን አገቡ። ከሃያ ዓመት በላይ የተፈተለው ክር በወራት ውስጥ ተበጠሰ።

መኳንንቱ ለቅጣት ብለው የፈረዱባቸውን ፍርድ ጣይቱ ግን እንደ ቅጣት የተሸከሙት አይመስልም። ባልን ማስታመም በክርስቲያን ሚስት ላይ የሚፈረድ ነገር አይደለም፤ ድሮም የእሷው ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት በአንድ ክፍል ውስጥ ያለፉ ናቸው ማለት ይቻላል። ምኒልክ አይናገሩም፣ አይነሡም። ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ገላ ማጠብ፣ ልብስ መለወጥ፣ ዳዊት ማስደገም፣ ጠበል ማስረጨት፤ ያ ሁሉ አሽከርና ደንገጡር ባለበት ቤት እቴጌይቱ ለሌላ እጅ አሳልፈው አልሰጡትም። ዘውዲቱም ከአባታቸው አልተለዩም። የአንዷ የወንድም ልጅ፣ የሌላዋ ባል የሆኑት ጉግሣ ሩቅ ታስረዋል፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ አልጋ ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል።

ውጭው ዓለም ግን አላረፈም። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፣ ኢያሱም እንደራሴ አያስፈልገኝም አሉ። ቆይተው በሽተኛው ወደ አንኮበር ይወሰዱልኝ፣ ቤተ መንግሥቱ ይለቀቅልኝ ብለው አሰቡ። ግቢውን የሚጠብቁት ዘበኞች ጌታችንን በሕይወት እያሉ አናስወጣም ብለው በሩን ዘጉ፤ ተኩስ ተነሣ። በግቢው ውስጥ መናገር የማይችሉ ንጉሥ ተኝተዋል። አቡነ ማቴዎስ ገብተው ነገሩ በእርቅ በረደ፣ ምኒልክም በአልጋቸው ቀሩ።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሞቱ። አሁን የሚነገረው ነገር ለኢትዮጵያዊት ሚስት ከሞቱ በላይ ይከብዳል፦ ሞቱ አይነገር ተባለ። አዋጅ የለም፣ ለቅሶ የለም፣ ሙሾ የለም፣ ፈረሳቸውና ጋሻቸው ወጥቶ የሚታይበት፣ አገር ደረት የሚመታበት ቀን የለም። አስከሬኑ በግቢው በሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ተሸሸገ። በሰሜኑም ሆነ በሸዋ ድኻ እንኳ ቢሞት ጎረቤት ድንኳን ይተክልለታል፣ ሠልስቱ ይወጣለታል፣ አርባው ይቆጠርለታል። የአድዋው ንጉሥ ሚስት ይህን ተከለከሉ። ፖለቲከኞች ሥልጣን ሲነጥቋቸው የቻሉ ሴት ለቅሶ ሲነጠቁ ምን እንደተሰማቸው የቀረ ጽሑፍ የለም፤ ግን የሀገሩን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ጽሑፍ አያሻውም።

ዘውዲቱ ወደ ፋሌ ተላኩ። ጣይቱም ቤተ መንግሥቱን ለቀው ወደ እንጦጦ ወጡ። የወጡበት ቤት አሮጌው ቤተ መንግሥት ነው፤ በጥድ እንጨት የቆመ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በኖራ የተለሰነ፣ ከዛሬ ቤቶች አንጻር ጎጆ ሊባል የሚችል። ደጃፋቸው እንጦጦ ማርያም ናት፣ ያ ሁሉ ከብት የታረደላት። አሁን ግብር የለም። ኪዳን ያደርሳሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ይጾማሉ። ከዚያ ከፍታ አዲስ አበባ ቁልቁል ይታያል፤ ባሕር ዛፉ ግን ከዓመት ዓመት እየሸፈናት ነበር።

እንጦጦ ወጣ ማለት ግን ከዓለም ወጣ ማለት አይደለም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ ኢያሱን ሲሽሩ ጣይቱ በምክር እጃቸው እንዳለበት ብዙ ሰው ተናግሯል። ኢያሱ ወርደው ዘውዲቱ ንግሥት ተባሉ፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። በወሩ ሰገሌ ላይ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። የእንጀራ ልጃቸው በኢትዮጵያ ዙፋን ተቀመጠች፤ ይህ ለጣይቱ የድል ቀን መሆን ነበረበት። ዋጋው ግን ከወንድማቸው ልጅ ተቆረጠ። ሸዋዎቹ ዘውዲቱን ሲያነግሡ ባላቸውን አብረው ማንገሥ አልፈለጉም፤ የጣይቱን ዘመድ በዙፋን አጠገብ ማየት ለእነሱ 1902 ዓ.ም.ን መቅበር ማለት ነው። ዘውዲቱና ጉግሣ እንዲለያዩ ሆነ። ጉግሣ በጌምድርን መልሰው ተቀብለው ደብረ ታቦር ተቀመጡ፣ ሚስታቸው አዲስ አበባ። ጣይቱ ካጋቧቸው ጥንዶች ሁሉ ተስፋ ያደረጉባቸው እነዚህ ነበሩ።

ንግሥቲቱ እንጀራ እናታቸውን ወደ ቤተ መንግሥት ተመልሰው አብረዋቸው እንዲኖሩ ጠየቁ። ጣይቱ እምቢ አሉ፣ ከእንጦጦም አልወረዱም። ምክር ግን አልነፈጉም።

በ1910 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ግን እሳቸው በተራቸው ጠያቂ ሆኑ። ጎንደር ሄጄ እዚያው ልሙት ብለው ፈቃድ ለመኑ። ከምኒልክ ጋር አንኮበር ከቆረቡ 34 ዓመት አልፏል። ባላቸው ሞተዋል፣ የሸዋ ሰው አይወዳቸውም፣ የቀራቸው ወገን በሰሜን ነው፦ የአባታቸው አገር ስሜን፣ የወንድማቸው ልጅ በጌምድር፣ ያደጉበት ገዳም ከጣና ወዲያ። አርጅቶ ወደ አገሩ መግባት፣ ከአያት ቅድመ አያት አጥንት ጋር መቀላቀል ለማንም ክርስቲያን የማይነፈግ ምኞት ነው። መንግሥት አልፈቀደም። ሰበቡ አይጠፋኝም፤ ደብረ ታቦር ላይ ጉግሣ ሚስታቸውን ተነጥቀው፣ ቂም ይዘው፣ ጦር አሰልፈው ተቀምጠዋል። አሮጊቷ እቴጌ እዚያ ቢደርሱ በጌምድር፣ ስሜንና የጁ በአንድ ቀን ይነሣሉ ብለው ፈርተዋል። በፖለቲካ ሒሳብ ስሕተት አልነበራቸውም። ሐረርን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በጣይቱ ምክንያት ያጡት ሰው አሁን እንደራሴ መሆናቸውንም አንርሳ።

ሦስት ወር ብቻ ነበር የቀራቸው። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑ ልክ በዓመቱ፣ እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ አረፉ። የተቀበሩትም እዚያው ማርያም ነው።

ዘመዶቻቸው ከእሳቸው በኋላ 12 ዓመት ቆዩ። ተፈሪ በመስከረም 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሲሆኑ ጉግሣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አዩ። እብናትም ጋይንትም እስቴም የሚያውቃቸው የበጌምድር ገዥ በመጨረሻ ሸፈቱ። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ተላኩባቸው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ገጠሙ። በጌምድሬ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ነገር በሰማይ መጣ፤ አውሮፕላን መጀመሪያ ጉግሣን የሚያወግዝ ወረቀት በተነ፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ጉግሣ ከፈረሳቸው ላይ በጥይት ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 24፣ ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ላይ ሞቱ።

ዘውዲቱ ለአባታቸው መቃብር ብለው ያሠሩት በዓታ ለማርያም ነበር፤ እሳቸውም እዚያው ተቀበሩ። የጣይቱም አጽም ከእንጦጦ ወርዶ ከምኒልክ ጎን አርፏል። ሦስቱ በአንድ ምድር ቤት ጎን ለጎን ናቸው፤ ጉግሣ ግን አብረዋቸው የሉም።

በጌምድር ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ። ራስ ካሣ የሸዋ ሰው፣ በእናታቸው የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ ናቸው። እሳቸውም አገሩን ለልጃቸው ለደጃዝማች ወንድወሰን አስያዙት።